በአሥር ሰዓት

ሻርጃ፣ ነሐሴ። ከሮላ አውቶቡስ ወርጄ፣
የመዳብ ቱቦ የላጠው፣ በፋሻ የታሰረ እጄ፤
ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሳቀዘቅዝ ከርሜ፣
ዓርብ ለራሴ ብትተርፍ፣ እሷንም ሰጠሁ ፈርሜ፣
በፈቃደኞች መዝገብ ላይ፣ ከሁለት ዐረፍተ ነገር ጋር፦
«ሥራ፣ ኤሲ ጠጋኝ። ቋንቋ፣ አማርኛ፤ ዐረብኛ በድንግርግር።»

የሰጡኝ ልጅ ኑረዲን ነው። ዐሥራ ስድስት ሊሞላው፣
በስልክ ስርቆት ተይዞ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው።
እናቱ መዲና የከሚሴ ልጅ፣ እሱ እዚሁ የተወለደ፣
አማርኛው ከኩሽና በር አልፎ አደባባይ ያልሄደ።
አምና በአውሮፕላን ሸኟት፤ እሱ ቀረ ከጎረቤት።
መዝገቡ ከዚያ ስልክ ላይ አንድ ጥሪ ብቻ ያወሳል፣
በሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ጀምሮ፣ ሳይነሣ ያልቃል።

የመጀመሪያው ዓርብ። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ዘበኛ፤
እኔ በላብ፣ እሱ በዝምታ፣ ተፋጠጥን እንደ ባለዕዳና ዳኛ።
ስለ ኳስ አነሣሁ፣ ጣለው። ስለ ምግቡ ጠየቅኩ፣ ናቀው።
ስለ እናቱ አፌን ስከፍት፣ ዓይኑን ወደ በሩ ሰደደው።
ስነሣ፣ የማውቃትን ያህል ደግነት አዋጥቼ፣
«ለዓርብ በአሥር ሰዓት» አልኩት፣ ያልጨበጠውን እጄን ዘርግቼ።

ሁለተኛው ባሰ። በሦስተኛው ጀርባውን ሰጠኝ ጭራሽ።
በልቤ፦ አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ? የኤሲ አቧራ አባሽ፣
የገዛ ወንድምህ ሲጠፋ ያላወቅክ፣ የሰው ልጅ መላሽ!
አውቶቡሱ ውስጥ መስታወት ተደግፌ፣ ለማቆም ወሰንኩ።
«ይቅርታ፣ ሥራ በዛብኝ» የሚለውን በዐረብኛ አጠናሁ።

በአራተኛው ዓርብ በር ላይ አቡ ራሺድ፣ ጠባቂው፣
ቁልፉን እያሻሸ አስቆመኝ። «ስማኝማ፣ አንተ ሰው፣
ልጅን እንዲህ ያስጠብቃሉ? ይህ ልጅ፣ ወላሂ፣ ዓርብ ዓርብ
ከጧቱ አሥር ጀምሮ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ
እዚያች ወንበር ላይ ነው። ለኳስ ይጠሩታል፣ አይሄድም።
ለጁምዓ ይነሣል፣ ይመለሳል። ሩዙ ይቀርባል፣ ይበርዳል።
አንተ በአራት ሰዓት፣ እንደ ሚኒስትር፣ ከተፍ ትላለህ።»

አሥር ሰዓት።
የሱ አሥር የኔ አራት፣ የኔ አሥር የሱ አራት፤
መካከሉ ስድስት ሰዓት፣ ዳኛ ያልፈረደው ቅጣት።
እኔ ኩርፊያ ብዬ የቆጠርኩበት።

ገባሁ። የምለውን እየፈለግኩ ወንበሩን ስስብ፣
«አንቺ፣» አለኝ። «በጣም ቆየሽ።»
አማርኛ ከእናቱ በቀር ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤
«አንተ» እሱ፣ «አንቺ» እሷ፤ በቋንቋው ሦስተኛ ሰው የለም።
ላርመው አፌን ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት።
የእጅ ሰዓቴን ፈታሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤
«እኛ» አልኩት «ጀንበር ስትወጣ ነው አንድ ማለት የምንጀምረው፤
እነሱ እኩለ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ነው።»
ጣቱን በሰዓቱ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዞረ፣
«እናቴም ታረፍድ ነበር» አለ፤ ሊስቅ ጀምሮ፣ ቀረ።

ያጠናኋት ዐረብኛ ኪሴ ውስጥ እንደ ቲኬት ረጠበች።

ከሦስት ዓርብ በኋላ፦ «ችሎት አለኝ። ሰኞ፣ ዘጠኝ። ትመጫለሽ?»
«በየትኛው ዘጠኝ?»
ግንባሩን እንደ ሽማግሌ ቋጠረ። «በነሱ።»
ቆይቶ፣ ወደ በሩ ሳያይ፦ «በኛ ስንት ነው?»
«ሦስት።»
«ሦስት» ብሎ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጻፈ፤ እጁን አላነሣም።
ሰኞ ሙዲሬ ፈቃድ አይሰጥም። አውቃለሁ። አልጠይቀውም።